አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፦ ለባለ ቢጫ ካርቶኑ ፒዛ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የባለ ቢጫ ካርቶኑ ፒዛ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወገብዎ እንዳይጎብጥ፣ ጉልበትዎ እንዳይከዳዎ፣ በተለይ ደግሞ ሁለቱም እግሮችዎ አብረው እንደጀመሩ አብረው እንዲጨርሱ ከልብ እመኛለሁ። እግርን ለይቼ የጠቀስኩት በድርጅትዎ ውስጥ በሁለት ደህና እግር የሚራመደው ሰው ቁጥር ከወር ወደ ወር ሲመናመን ስላየሁና፣ ቢያንስ የበላዩ ሙሉ ሆኖ ይቆይልን ከሚል ቅን አሳብ ነው። እኔም ከእንቅልፌ በቀር ደህና ነኝ።

ስሜን ባያስታውሱት መልኬን ሳያውቁት አይቀርም። ከዋናው አደባባይ በላይ በተሰቀለው ቢልቦርዳችሁ ላይ፣ በቀኝ እጁ ቴርሞሜትር በግራ እጁ አንድ ቁራጭ ፒዛ ይዞ የሚስቀው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ከጎኔ በቁመቴ ልክ የተጻፈ «19» ቆሟል፤ ከሥሩም «በገለልተኛ ባለሙያ ተለክቶ የተረጋገጠ» ይላል። ባለሙያነቴን አልክድም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ ሆኜ የሥጋ ቤቱን ሚዛን፣ የማደያውን ነዳጅ መቅጃ፣ የጨርቅ ሻጩን ሜትር ስፈትሽ ኖሬአለሁ። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ያስረከብኩትን ማኅተም ተቀበለኝ እንጂ አመሉን አልተቀበለኝም፤ እሱ እስከ ዛሬ ከእኔው ጋር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በምሳ ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩሽና የሚገባ ሰው ጠፋ። ልጄ ጸጉር ሠሪ ናት፤ ቅዳሜ ደንበኛ ስለሚበዛባት ደክማ ነው የምትገባው። ባሏ ደግሞ ያን ጊዜ ቤት ለቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «እርጋታው» የሚል ስም አውጥታለት ነበር፤ እንዲያው ለቀልድ አልነበረም። ሻይ ሲጠጣ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ወሬ ሲጀምር ሰሚው ያንቀላፋል፣ መንገድ ሲሻገር ግራና ቀኝ አይቶ ተመልሶ ግራውን ያያል። ሦስታችን ቅዳሜ ምሳ ፒዛ እያዘዝን የትኛው ፒዛ ቤት ይሻላል በሚል መጨቃጨቅ ስናበዛ፣ ክርክሩን በልኬት ልዝጋው ብዬ ደብተር አወጣሁ። ከሦስቱ የታወቁ ድርጅቶች፣ ከባለ ቀዩ፣ ከባለ አረንጓዴውና ከእናንተው ከባለ ቢጫው ካርቶን፣ አራት አራት ጊዜ በተራ አዝዘን በላን።

ውጤቱን በአጭሩ ላስታውስዎ። የባለ ቀዩ ሊጥ ወፍራም፣ መሐሉም በደንብ የበሰለ ነው፤ እንጉዳዩን የሚበትነው ሰው ግን ከገዛ ምሳው ላይ እየቀነሰ የሚሰጠን ነበር የሚመስለው፣ በአንድ ትልቅ ፒዛ ላይ ከሰባት ስስ ቁራጭ በላይ አግኝቼ አላውቅም። የባለ አረንጓዴው ካርቶን ከሁሉም ይጠነክራል፣ ሶሱ ግን ይጎመዝዛል፤ አቆራረጡም ትልቁ ቁራጭ የትንሹን እጥፍ ስለሚሆን በቤታችን ሁለት ጊዜ ኩርፊያ አስነሥቷል። የእናንተው ቺዝ ያልተሰሰተበት፣ ጠርዙ ጥርስ የማያስቸግር ነበር፤ ሙቀቱም በር ላይ ሲደርስ በአማካይ ስድሳ አንድ ዲግሪ ሲሆን፣ የቀዩ ሃምሳ ስምንት፣ የአረንጓዴው ሃምሳ አራት ሆኖ ተመዝግቧል። በመድረሻ ጊዜ ግን ልዩነቱ ጉድ የሚያሰኝ ሆነ። ባለ ቀዩ ሠላሳ አንድ ደቂቃ፣ ባለ አረንጓዴው ሃያ ዘጠኝ፣ እናንተ አሥራ ዘጠኝ።

ሠንጠረዡን አጽድቼ ጽፌ በሕንፃችን መግቢያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ልጄ በስልኳ አነሣችው፣ ስልክ ለስልክ ዞረ፣ በሁለተኛው ሳምንት የእናንተ ሰዎች ካሜራና ቢጫ ኮት ይዘው ሳሎኔ ገቡ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቢልቦርዱ በተሰቀለ ሰሞን በሁለት አውቶቡስ እየሄድኩ አራት ቀን አይቼዋለሁ። በአራተኛው ቀን አንዲት ሴት አወቀችኝና «እርስዎ የፒዛው ሰውዬ አይደሉም?» ብትለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ነኝ» አልኳት። እንዲያውም ቆጣሪዎቹ ራሳቸውን በራሳቸው ማንበብ ጀምረው እርጋታው ሥራ ያጣ ጊዜ፣ ሞተር ብስክሌት መንዳት ይችል ነበርና ከሦስቱ ፒዛ ቤቶች የትኛው ጋ ላመልክት ብሎ ሲያማክረኝ፣ ደብተሬን ገልጬ ጣቴን የእናንተ መሥመር ላይ አሳረፍኩ። የሄደው እኔን አምኖ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ስሞታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እርስዎ እንደሚለዩት አልጠራጠርም።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ክሴ በራሴ ላይ ነው። በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ደቂቃ ይቀድማል። ተበላሽቶ አይደለም። ባለቤቴ እኔንና ልጃችንን በጊዜ ከቤት ማስወጣት ሲያቅታት ወንበር ላይ ወጥታ በገዛ እጇ ያስቀደመችው ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያን ሰዓት ያየ ሁሉ በልቡ ስምንት ይቀንሳል፤ እሷ ካረፈች በኋላም ላስተካክለው ብሎ እጁ የታዘዘለት ሰው የለም። እኔ ግን ፒዛ ስለካ አልቀነስኩም። የሙያዬ ሕግ ያነበብከውን ጻፍ፣ ከልብህ አትጨምር፣ ከልብህ አትቀንስ የሚል ነውና።

ስልካችን ያለው ከዚያ ሰዓት ሥር ነው፤ ሳዝዝ ቀና ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ። የቀዩና የአረንጓዴው ሲመጡ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ያንኑ ሰዓት እመለከት ስለነበር፣ መነሻውም መድረሻውም እኩል ስለቀደሙ ስሕተቱ ተጣፋ። የእናንተ ሞተረኛ ግን በር ላይ ሲደርስ ደቂቃው የታተመበት ደረሰኝ ይሰጣል። እኔ ደግሞ የታተመ ነገር ሳይ እረታለሁ፤ መድረሻውን ከደረሰኙ ገለበጥኩ። ስለዚህ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ያዘዝኩትን ግድግዳውን አምኜ ስድስት ከስምንት ብዬ ጻፍኩ፤ ደረሰኙ ስድስት ከሃያ ሰባት ይላል፤ ሲቀናነስ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። እውነቱ ሃያ ሰባት ደቂቃ ነበር። የሚያስቀውስ ያለ እኔ ስሕተትም ከሦስቱ ፈጣኖቹ እናንተው መሆናችሁ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ታሸንፉ ነበር፣ ማንም ሳይወድቅ።

ይህን ያገኘሁትም በራሴ ብልህነት አይደለም። እርጋታው ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ክርኑ ተልጦ ገባ፤ በሃያ ስድስት ደቂቃ ደረስክ ተብሎም ተገሥጾ ነበር። እኔም፣ አሁን ሳስበው የማፍርበትን ነገር አደረግኩ። ደብተሬን አምጥቼ ፊቱ ዘርግቼ፣ ያኛው ሞተረኛ በአሥራ ዘጠኝ የደረሰበትን መንገድ አንተ ምን ሆነህ ነው የምታዘግመው ብዬ ወቀስኩት። እሱ ደብተሩን አላየም፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና «አባባ፣ መነሻውን ከየትኛው ሰዓት አይተው ነው የጻፉት?» አለኝ በዚያው በዝግታው። ነገሩ ሲገባን መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። «ወይ እማማ! ሞተውም ያስቸኩሉናል?» አለ። ከዚያ ሳቁ ቆመና የተላጠ ክርኑን ደገፍ አድርጎ ያዘ። እኔም በዚያው ምሽት የመጀመሪያውን የእርማት ደብዳቤ ለእናንተ ጻፍኩ።

ሁለተኛ፣ በየሞተሩ መሪ ላይ ስላስገጠሙት ትንሽ መሣሪያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደንበኛው ካዘዘበት ቅጽበት ጀምሮ ከአሥራ ዘጠኝ ወደ ታች ይቆጥራል፤ ፒዛው ከምድጃ ወጥቶ ሞተረኛው እጅ ሲገባ ከዘጠኝ ደቂቃ የበለጠ አይቀረውም። አምስት ሲቀር ጢጥ ጢጥ ማለት ይጀምራል፣ ሁለት ሲቀር ይፈጥናል፣ ዜሮ ላይ ጸጥ ይላል። እርጋታው እንደነገረኝ የሚያስፈራው ጩኸቱ ሳይሆን ጸጥታው ነው፤ ጸጥ ሲል ቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ባለው ስክሪን የሞተረኛው ስም ቀይ ይሆናል፣ በወር ሦስት ጊዜ ስሙ የቀላ ደግሞ ይሰናበታል። ውጤቱን በዓይኔ እያየሁ ነው። ባለፈው ሰኞ እርጋታው የጎረቤታችን መኪና ወደ ኋላ ስትሄድ የምታሰማውን ጢጥ ጢጥ ሰምቶ፣ የጎረሰውን ሳያላምጥ ከወንበሩ ተነሣና በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ልጄ ወዴት ነው ብትለው እሱም አላወቀውም። ሻዩን አሁን የሚጠጣው እየፈላ ነው፣ ምላሱን ያቃጥለዋል። መንገድ ሲሻገርም ቀና ብሎ አያይም። ባለቤቴ በአሥራ አንድ ዓመት ምክር ያልቻለችውን ሰው በሦስት ወር ስለቀየራችሁልን፣ እጅ እንነሣለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ፒዛው ጥራት አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ከሁሉ በላይ የምንነጋገረው ስለ ምግብ ነውና። ሊጡ በአራት ደቂቃ እንዲበስል ስላሳሳችሁት መሐሉ ጥሬ፣ ጠርዙ ጠቋራ ሆኗል፤ ቃሪያውም ሳይጸዳ ይሁን ሳይታጠብ አላውቅም እንደ ነገሩ ይመጣል። ይህን እንኳን በጄ ብዬ አልፈው ነበር። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ድሮ የእናንተ ፒዛ ሲከፈት ቺዙ እንዳለ በቦታው ነበር። አሁን እርጋታው በሚያመጣልን ላይ ግን ከአንዱ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይጠራቀማል፤ ቀይ ሶስ ብቻ የቀረበት ባዶ ሊጥ በሌላ ወገን ይታያል። እኔም በደብተሬ አዲስ ዓምድ ከፍቼ «ቺዝ የሸሸበት ርቀት» ብዬ በሴንቲሜትር መመዝገብ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ወር በአማካይ አንድ ነበር፤ በሁለተኛው ሦስት፤ በዚህ ወር ስድስት ደርሷል። ቺዝ ስድስት ሴንቲሜትር የሚሸሸው ሞተሩ እንዴት ያለ ፍሬን ሲይዝ እንደሆነ እርስዎ ባያውቁ፣ ልጄ ግን አውቃለች፤ ካርቶኑን ከፍታ ካየች በኋላ መብላት ትታለች። ሌላ ቤት ፒዛ ተከፍቶ ቃሪያው በዛ ቺዙ አነሰ ይባላል፤ በእኛ ቤት ሁለት ሰው ካርቶን ላይ አጎንብሶ ባሏ በስንተኛው መታጠፊያ ለጥቂት እንደተረፈ ያነባል።

አራተኛ፣ ንብረት የማታባክኑ መሆናችሁን በዓይኔ አይቻለሁ። የእርማት ደብዳቤዬን ይዤ ወደ ቅርንጫፋችሁ የመጣሁ ቀን፣ የፊቱ በር ተሰልፈው ለቆሙ ደንበኞች ነው ተብዬ በጀርባው በኩል ገባሁ። በዚያ ኮሪደር ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት መንጠቆ፣ በየመንጠቆው ቢጫ ሄልሜት ተሰቅሏል። ተቆጣጣሪ ስለሆንኩ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ያልተፋቀ አራት ብቻ ነበር። ለእርጋታው የተሰጠው ሄልሜት በግራ በኩል ከጆሮው እስከ አገጩ ድረስ ቀለሙ ተልጧል፤ ውስጡ ስፖንጁ ላይ በእስክሪብቶ «ሳቂታው» ተብሎ ተጽፏል። ሳቂታው ማን ነው ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁትን ሞተረኞች ጠየቅኋቸው። አንደኛው «ከኛ ጋ ነበር» አለኝ። ቀጥሎ የነበረው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማጥበቅ ጀመረ፣ ክሩ ግን አልላላም ነበር። ሥራ ለቅቆ ነው እንዳልል፣ ሥራ የለቀቀ ሰው ሄልሜቱ በዚያ ዓይነት አይላጥም። ሰው ሲያልቅ ዕቃው እንዳያልቅ ያላችሁ ጥንቃቄ ለሌሎች ድርጅቶች ትምህርት ይሆናል።

አምስተኛ፣ ለጻፍኳቸው ሦስት የእርማት ደብዳቤዎች ስለተሰጠኝ ፈጣን ምላሽ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ምላሽ የምስጋና ካርድና ኩፖን ነበር፤ የሁለተኛው ኩፖን ብቻ፤ ሦስተኛውን ይዤ በአካል ስቀርብ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ በክብር አስቀምጠው ውሃ ጋብዘውኛል። የሰዓቱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳኋቸው። ትሑት ሰው ናቸው፣ አላቋረጡኝም። ስጨርስ «አባባ፣ ይገባኛል፤ ግን ቁጥሩ እኮ ተወድዷል» አሉኝ። ስሕተት ነው እንጂ አልኳቸው። «ያኔ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ አሁን ግን ልጆቹ እየደረሱበት ነው፣ ስለዚህ እውነት ሆኗል» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ሚዛን የሚያጭበረብር ብዙ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሚዛኑ እንዲስተካከል ሥጋውን ሳይሆን ሥጋ ቆራጩን የቆረጠ ግን አላጋጠመኝም ነበር።

ልቤ እንዳይሰበርም የክብር ደንበኛ አድርጋችሁ መዘገባችሁኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ያላዘዝኩት ፒዛ በስጦታ ይላክልኛል፤ ለቤተሰቡ ደስታ ተብሎም እንዲያደርሰው የሚመደበው እርጋታው ነው። አልፈልግም ብዬ ደወልኩ። የክብር ደንበኛን ከመዝገብ መሠረዣ የለንም አሉኝ። በሬን ዘግቼ ዝም ብል ደግሞ ያልተረከበ ፒዛ በሞተረኛው ላይ እንደ መዘግየት ይቆጠራል። ስለዚህ ሦስት ፎቅ ደረጃ እንዳይወጣ ብዬ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ታች ወርጄ የግቢው በር ላይ እጠብቀዋለሁ፤ ልጄም ቅዳሜ ሥራ መግባት ትታ ሰገነቱ ላይ ትቆማለች። ከሩቅ ጢጥ ጢጡ ሲሰማ የብረቱን ዘንግ አጥብቃ ትይዛለች። ካርቶኑን ተቀብዬ እግዜር ይስጥልኝ እለዋለሁ፤ እሱም «ልክ ነኝ?» ይለኛል። ይህን ሲጠይቀኝ ዓይኑ ከእኔ ፊት ይልቅ መሣሪያው ላይ ነው።

ስድስተኛ፣ አጭር ናት። ባለ ቀዩ ካርቶን ባለፈው ሳምንት «18» ብሎ ለጥፏል። ባለ አረንጓዴው ደግሞ ትናንት «17» እያለ መንገዳችን ላይ ወረቀት ሲበትን አየሁ። እርጋታውን ሥራውን ተው፣ ሌላ ጋ ሂድ ብዬ ብመክረው «የት አባባ?» ያለኝ ለዚህ ነው። ከሳሎኔ የወጣው ቁጥር ከተማውን ሞልቶታል፤ ከእንግዲህ ሰው ሁሉ ፒዛውን ትኩሱን ይበላል፣ ሞተር ሲጮህ የሰማ ሁሉም ከመንገድ ይሸሻል። ነገ ደግሞ አሥራ ስድስት የሚል ይመጣል፤ እርስዎም ወደ ኋላ የሚሉ ሰው አይመስሉኝም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የምለምነው ነገር ትንሽ ነው። ቢልቦርዱ ይውረድ። መሣሪያው ይነቀል፤ ካልሆነም ከሃያ ሰባት ይጀምር። የእኔ ስሕተት መሆኑ በትልቅ ፊደል ይጻፍ፤ ስሜም መልኬም ይውጣ፣ ሰው ይሳቅብኝ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሙያዬ በአንድ ግድግዳ ሰዓት ገደል ገባ ይበሉኝ፣ አይቆረቁረኝም። ሦስት ጊዜ በጓዳ ጽፌልዎ ጠብ ያለ ነገር ስላልነበረ ነው ዛሬ በአደባባይ የምጽፈው፤ ምናልባት ደንበኞችዎ ቢያነቡት፣ ሞተረኛው በሃያ ሰባተኛው ደቂቃ በራቸው ላይ ሲደርስ ፊታቸውን ከማጥቆር ይልቅ ውሃ ያቀምሱት ይሆናል። ፈርቻለሁ፤ ሌላ የምለው ቃል የለኝም። ልጄ ባል አላት፣ እኔም ከወንድ ልጅ የማልለየው አማች አለኝ፤ ሁለታችንም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እየቆጠርን ነው።

የድርጅትዎ ዕድሜ እንዲረዝም፣ ምድጃዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ መንጠቆዎችዎም ባዶ እንዳይቀሩ፤ ለእርስዎም በገዛ መኪናዎ የኋላ ወንበር በእርጋታ ተጉዘው በእርጋታ የሚደርሱበት ረጅም ዘመን እንዲሰጥዎ ከታላቅ አክብሮት ጋር እየተመኘሁ፣ እዚህ ላይ እሰናበታለሁ።

የቀድሞው የሚዛንና የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ፣
ያሁኑ የእርስዎ ገለልተኛ ባለሙያና የዘለዓለም የክብር ደንበኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ጨርሼ ፖስታ ውስጥ ከትቼው ነበር። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ «ስጦታዎ ታዝዟል» አለኝ፤ ወደ ታች ወረድኩ። ፒዛው በአሥራ ስምንት ደቂቃ ከግማሽ ደረሰ፣ በስልኬ ነው የለካሁት። ሰገነት ላይ የነበረችው ልጄ ከእኔ ቀድማ አወቀች፤ ከሞተሩ የወረደው ሰውዬ አወራረዱ የባሏ አልነበረም። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሰውየውን ፊት ከማየቴ በፊት ካርቶኑን ከፍቼ ቴርሞሜትሬን ሰክቼ ነበር። ከዚያ ነው የእኛ ሰው የት አለ ያልኩት። «መጋጠሚያው ላይ ወድቋል፣ አባባ» አለኝ። «ቅርብ ስለነበርኩ መጀመሪያ ካርቶኑን ከሣጥኑ አውጥቼ እንዳደርስ ነው ከቅርንጫፍ የተነገረኝ። እሱን ሰዎች ይዘውታል።» ይናገራል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መሣሪያው ሌላ ትእዛዝ ስለጠራው ሳይመልስልኝ ሄደ።

ይህችን የምጨምረው ከሆስፒታል ኮሪደር ሆኜ ነው። ልጄ በነጠላ ጫማ አጠገቤ ቆማለች፣ ሐኪሞቹ እስካሁን አልወጡም። እስከዚያው ድረስ የባለሙያነት ግዴታዬን ልወጣ። ካርቶኑ አልተጨማደደም። ሙቀቱ ሰባ ሁለት ዲግሪ ነበር፤ ከሦስቱም ድርጅቶች እስከ ዛሬ ከለካሁት ሁሉ ትኩሱ የእናንተ ነው። ይህኛው ቁጥር ትክክል ስለሆነ ቢልቦርዱ ላይ መለጠፍ ትችላላችሁ።